ከሐርላ ኮረብታ በአምስት ዋት

ተንቀሳቃሽ የአማተር ሬዲዮ ሳይንስና ለአገራችን ያለው ፋይዳ

ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐርላ ስትነሳ በቅድሚያ የሚታወሰው ጥንታዊነቷ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በተካሄደው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታዎች፣ የመስታወት ዶቃዎች፣ ከግብፅ የመጡ ሳንቲሞችና የቻይና ሸክላ ስባሪዎች ተገኝተዋል። የአካባቢው ነዋሪዎች እነዚያን ትልልቅ የግንብ ድንጋዮች ያነሷቸው ግዙፋን ሰዎች ናቸው እያሉ ሲተርኩ ኖረዋል። ቁፋሮው ያረጋገጠው ግን ሐርላ ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ካሉ አገሮች ጋር የተሳሰሩ የነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ከተማ እንደነበረች ነው። በዚያ ዘመን ከሐርላ እስከ ዘይላ ወደብ ያለውን ርቀት፣ በቀጥታ መስመር ቢለካ እንኳ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ፣ ዕቃውም ወሬውም በእኩል ፍጥነት ያቋርጡት ነበር፤ ይኸውም በግመል እርምጃ።

ለመሆኑ ዛሬ አንድ ተማሪ ከሐርላ በላይ ካሉት ከፍታዎች በአንዱ ላይ ወጥቶ፣ የአንዲት አነስተኛ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ያህል ኃይል ባለው መሣሪያ፣ ያለ ስልክ መስመርና ያለ ኢንተርኔት፣ ከአዲስ አበባ፣ ከናይሮቢ ወይም ከሮም ጋር መገናኘት ይችላልን? የፊዚክስ መልስ «አዎን፣ ይችላል» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ እንዴት እንደሚሆን፣ ከፍ ያለ ቦታ ምን እንደሚጨምርና ጉዳዩ ለድሬዳዋም ሆነ ለሌሎች የአገራችን ከተሞች ከጨዋታ ያለፈ ትርጉም ያለው ለምን እንደሆነ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

አማተር ሬዲዮ ምንድን ነው?

አማተር ሬዲዮ ሲባል አንዳንዶች ያልተሟላ ወይም ለልምምድ ብቻ የሆነ ሬዲዮ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ቃሉ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብ ውስጥ ግልጽ ትርጉም አለው። አማተር የሚባለው ያለ ምንም የገንዘብ ጥቅም፣ ለግል ዕውቀትና ፍላጎት ሲል በሬዲዮ ቴክኒክ ራሱን የሚያሠለጥን፣ እርስ በርስ የሚገናኝና ምርምር የሚያደርግ፣ በአገሩ መንግሥት ፈቃድ የተሰጠው ሰው ነው። ለዚህ አገልግሎት የተመደቡ የድግግሞሽ ክልሎች ያሉ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጣቢያም እንደ መኪና ታርጋ የሚያገለግል የጥሪ ምልክት ይሰጠዋል። ለኢትዮጵያ ከተመደቡት የመነሻ ፊደላት መካከል በአማተሮች ዘንድ የታወቀው «ኢቲ» የሚለው ነው።

የአገራችን የመገናኛ ታሪክ ከምሥራቁ ክፍል ጋር የተቆራኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የተጀመረው የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት የሚነሳው ሐረርን ከአዲስ አበባ ካገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የሽቦ መስመር ነው። ድሬዳዋ ራሷም በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ከተራራው ግርጌ በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የባቡር ሐዲዱም ሆነ የስልክ ሽቦው መሬትን ይዘው የሚሄዱ ናቸው፤ አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሱ ሁሉም ይቆማል። አማተር ሬዲዮ ከእነዚህ የሚለየው በሁለት ጣቢያዎች መካከል አየርና ሰማይ ብቻ ስለሚያስፈልገው ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በፊት በኢትዮጵያ የአማተር ሬዲዮ እንቅስቃሴ ነበር። በተለይ በአሥመራ በሚገኘው የቃኘው የአሜሪካ የመገናኛ ጦር ሰፈር የነበረው «ኢቲ3ዩኤስኤ» የተባለው ጣቢያ በዓለም አማተሮች ዘንድ የታወቀ ነበር። በደርግ ዘመን እንቅስቃሴው ተቋረጠ። ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ሥራውን እንደገና የጀመረ ሲሆን፣ «ኢቲ3ኤኤ» የተሰኘው የክበብ ጣቢያውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የ5 ኪሎ የቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ተቋቁሟል። በዚህ ጣቢያ በርካታ የምህንድስና ተማሪዎች ሠልጥነዋል፤ በዓለም አቀፍ ውድድሮችም ተሳትፈዋል። ከኢትዮጵያ የሚሰማ የአማተር ድምፅ እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ጣቢያው አየር ላይ በወጣ ቁጥር ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከአሜሪካ የሚጠሩት ድምፆች እንደ ገበያ ሁካታ ይደራረባሉ።

ነገር ግን አንድ ክበብ፣ ያውም በዋና ከተማ ውስጥ፣ ለዚህች ተራራማ አገር ይበቃታልን? ተንቀሳቃሽ ጣቢያ የሚባለው ነገር ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ተራራ ለምን ይመረጣል?

ሬዲዮን ወደ ከፍታ የማውጣት ሐሳብ ከሬዲዮ እኩል ዕድሜ አለው። ጣሊያናዊው ጉልየልሞ ማርኮኒ ታኅሣሥ 3 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1901) ከእንግሊዝ አትላንቲክን ተሻግሮ የመጣውን ምልክት የተቀበለው በኒውፋውንድላንድ ከባሕር በላይ በሚገኝ ኮረብታ ላይ ሆኖ፣ የአንቴና ሽቦውን በካይት ወደ ሰማይ ሰቅሎ ነበር። በዘመናችን ደግሞ እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 2002 በብሪታንያ የተጀመረ አንድ የአማተሮች መርሐ ግብር፣ ጣቢያቸውን ተሸክመው ተራራ ጫፍ ላይ ወጥተው ለሚሠሩ ሰዎች ነጥብ ይሰጣል። ደንቡ ቀላል ነው። መሣሪያውን የሚሠሩበት ሰዎች ራሳቸው መሸከም አለባቸው፤ ከመኪና ውስጥ መሥራት አይፈቀድም፤ በነዳጅ የሚሠራ ጄነሬተርም ክልክል ነው። ነጥቡን ለማግኘት ቢያንስ ከአራት ጣቢያዎች ጋር መገናኘት ያስፈልጋል። ልማዱ ዛሬ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል።

ተራራው ለሬዲዮ የሚሰጠው ጥቅም በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው የአድማስ ስፋት ነው። በጣም ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸው ሞገዶች፣ ለምሳሌ አማተሮች የሚጠቀሙበት የ144 ሜጋኸርዝ ክልል፣ በአመዛኙ በቀጥታ መስመር ይጓዛሉ። በመሆኑም የመሬት ክብነት ይገድባቸዋል። የሬዲዮ አድማስን በኪሎ ሜትር ለማግኘት በሜትር የተለካውን ከፍታ ስኩዌር ሩት ወስደን በ4.12 እናባዛለን። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በስተ ደቡቧ ያለው የደንገጎ ተራራ ሰንሰለት ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ልዩነቱን 800 ሜትር ብንወስድ፣ የ800 ስኩዌር ሩት 28.3 ስለሆነ አድማሱ 116 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በከተማው ሜዳ ላይ 2 ሜትር ከፍታ ላይ የተያዘ አንቴና ግን በተመሳሳይ ስሌት የሚያየው 6 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይሁንና ተራራ አንድ በር ሲከፍት ሌላውን ይዘጋል። ከተዳፋቱ ላይ በስተ ሰሜን ያለው ሰፊ ሜዳ ክፍት ሲሆን፣ በስተ ደቡብ ወደ ሐረር ያለው አቅጣጫ በሰንሰለቱ ይከለላል።

ሁለተኛው ተዳፋቱ ራሱ ነው። ይህ የሚጠቅመው በአጭር ሞገድ፣ ማለትም ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ለሚሠራ ነው። በዚህ ክልል ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ አየኖስፌር ከተባለው ኤሌክትሪክ አዘል የከባቢ አየር ክፍል ይመለሳል። ርቀቱን የሚወስነው ሞገዱ ከአድማስ በላይ የሚነሳበት ማዕዘን ነው። በሜዳማ መሬት ላይ ከመሬት በግማሽ የሞገድ ርዝመት ከፍታ ላይ የተዘረጋ አግድም አንቴና ከፍተኛውን ኃይል የሚልከው በ30 ዲግሪ ማዕዘን ነው። መልስ ሰጪው ንብርብር 300 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ ይህ ሞገድ በአንድ ዝላይ 930 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። አንቴናው ወደ ፊት 15 ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ ተዳፋት ላይ ቢዘረጋ ግን መሬቱ ስላጋደለ ማዕዘኑም ወደ 15 ዲግሪ ይወርዳል፤ ዝላዩም ወደ 1,700 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ኃይል አልተጨመረም፤ የተጨመረው የመሬቱ አቀማመጥ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጸጥታ ነው። የከተማ የመብራት መስመሮች፣ የስልክ ቻርጀሮች፣ የኃይል ማስተካከያዎችና ሞተሮች ሁሉ የሬዲዮ ጩኸት ያመነጫሉ። ከእነዚህ ርቆ የቆመ ጣቢያ በጩኸቱ ሥር ተቀብረው የሚቀሩ ደካማ ምልክቶችን ይሰማል። ተዳፋቱ ለመሰማት ሲረዳ፣ ጸጥታው ለመስማት ይረዳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ «አምስት ዋት እንዴት ይበቃል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። የተለመደ የቤት ውስጥ አማተር ጣቢያ ኃይል 100 ዋት ነው። 100 ለ5 ሲካፈል 20 ይሆናል። የ20 ሎጋሪዝም 1.3 ስለሆነ፣ በ10 ሲባዛ ልዩነቱ 13 ዴሲቤል ነው። በመቀበያ ላይ ያለው የምልክት መለኪያ አንድ እርከን 6 ዴሲቤል በመሆኑ፣ ኃይሉን 20 ጊዜ መቀነስ ከዘጠኙ እርከኖች የሚያስቀንሰው ከሁለት ጥቂት ከፍ የሚል ብቻ ነው። በጠባብ የድግግሞሽ ስፋት የሚላክ የሞርስ ኮድ ደግሞ ከድምፅ ይልቅ በጩኸት ውስጥ ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ ከጉድለቱ ትልቁን ድርሻ ይመልሳል።

ከሐርላ በላይ ያለው ሰማይ

የሐርላ አቀማመጥ ልዩ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። ከጂኦግራፊያዊው የምድር ወገብ በተጨማሪ ምድራችን የማግኔት ወገብም አላት። በዚህ መስመር ላይ በነፃነት የተንጠለጠለ የኮምፓስ መርፌ ወደ መሬት ሳያዘነብል አግድም ይቆማል። መስመሩ ኢትዮጵያን አቋርጦ የሚያልፍ ሲሆን፣ 9.5 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ላይ ከምትገኘው ሐርላም ብዙ አይርቅም። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በ1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1958) በአዲስ አበባ የማግኔት መመልከቻ ጣቢያ የተቋቋመውም ከተማዋ ለዚህ መስመር ባላት ቅርበት ነው።

በማግኔት ወገብ ላይ፣ ከ105 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። በዚሁ ጊዜ የምድር ማግኔትና የኤሌክትሪክ መስክ ተጋግዘው የላይኛውን የአየኖስፌር ክፍል ወደ ላይ ይገፉታል። የተገፋው ኤሌክትሪክ አዘል ጋዝ እንደ ፏፏቴ ውሃ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይወርድና ከማግኔት ወገብ በሁለቱም በኩል ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ርቀት ላይ ይከማቻል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ በዚህ ንብርብር ውስጥ ጋዙ የሳሳባቸው አረፋ መሰል ክፍተቶች ይፈጠራሉ። በእነዚህ ውስጥ የሚያልፍ የሬዲዮ ምልክት ይርገበገባል፤ የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ መሣሪያዎችም ይሳሳታሉ።

ለተንቀሳቃሽ ጣቢያ ባለቤት ይህ የመማሪያ መጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም፤ በጆሮው የሚሰማው ነገር ነው። ቀን ሲሰማው የዋለው የ14 ሜጋኸርዝ ጣቢያ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ድምፁ እንደ ተራገበ ጨርቅ ሲንቀጠቀጥ፣ አረፋዎቹ እላዩ ላይ መድረሳቸውን ሊጠረጥር ይችላል። አውሮፓ ውስጥ ያለ የዕድሜ እኩያው ይህን ከቤቱ በላይ ሊያጠና አይችልም። የእኛ ተማሪ ግን ላቦራቶሪው በራሱ አናት ላይ ነው።

በጀርባ የሚታዘል ጣቢያ

ተንቀሳቃሽ ጣቢያ ምን ምን ያስፈልገዋል? ዝርዝሩ አጭር ነው፤ መቀበያና ማስተላለፊያውን በአንድነት የያዘ አነስተኛ መሣሪያ፣ ባትሪ፣ ሽቦ፣ ገመድ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ደብተርና እርሳስ።

አንቴናው በእጅ የሚሠራ ነው። ሁለት እኩል ክንዶች ያሉት የሽቦ አንቴና ጠቅላላ ርዝመት በሜትር የሚገኘው 143ን በሜጋኸርዝ ለተለካው ድግግሞሽ በማካፈል ነው። ለ7 ሜጋኸርዝ 20.4 ሜትር፣ ማለትም እያንዳንዱ ክንድ 10.2 ሜትር ይሆናል። ለ14.2 ሜጋኸርዝ ደግሞ 10 ሜትር ያህል ይበቃል። ርዝመቱ እንደ ጊታር ክር ነው፤ ከተገቢው ካጠረ ወይም ከረዘመ አንቴናው ከሚፈለገው ድግግሞሽ ጋር አይስማማም፤ የተላከውም ኃይል ከፊሉ ወደ መሣሪያው ይመለሳል።

ከሐርላ አዲስ አበባን ማግኘት ለሚፈልግ ሰው ግን አንቴናውን ከፍ አድርጎ መስቀል አይመከርም። በሁለቱ መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ ያሉት ተራሮች ቀጥተኛውን ሞገድ ያግዱታል። መፍትሔው ሞገዱን ወደ ላይ፣ በ60 ዲግሪ ገደማ፣ መላክና ከአየኖስፌር እንደ ዝናብ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ለዚህም የ7 ሜጋኸርዙን ሽቦ ከመሬት 4 ወይም 5 ሜትር ብቻ ከፍ አድርጎ በሁለት ዛፎች መካከል መዘርጋት ይበቃል። ሞገዱ ከላይ ስለሚመጣ የትኛውም ሸለቆ አይደበቅበትም። ገደልና ሸለቆ ለበዛባት አገራችን ከዚህ የተሻለ ርካሽ ዘዴ ማግኘት ያስቸግራል።

የባትሪውን ጉዳይ በስሌት እንመልከት። መሣሪያው ሲያዳምጥ 0.4 አምፒር፣ ሲያስተላልፍ 1.2 አምፒር ይወስዳል ብለን እናስብ። በአራት ሰዓት ቆይታ አንዱን ሰዓት ብናስተላልፍና ሦስቱን ብናዳምጥ፣ ፍጆታው 1.2 ሲደመር 1.2፣ በድምሩ 2.4 አምፒር ሰዓት ይሆናል። አንድ 4 ወይም 5 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይህን ሸፍኖ ይተርፈዋል። የድሬዳዋን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ባትሪውን መልሶ በአነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳ መሙላት ችግር አይሆንበትም።

ጣቢያው የት እንዳለ ለሌላው መንገርም ያስፈልጋል። አማተሮች እ.ኤ.አ. በ1980 በእንግሊዝ አገር ሜይደንሄድ ከተማ የተስማሙበት የአድራሻ ዘዴ አላቸው። ምድርን በካሬዎች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ሁለት ፊደልና ሁለት አኃዝ ይሰጣል። ሐርላ 41.9 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ናት እንበል። 180 ስንጨምርበት 221.9 ይሆናል፤ ለ20 ሲካፈል 11 ደርሶ 1.9 ይተርፋል። ከዜሮ ጀምረን የላቲን ፊደላትን ብንቆጥር 11ኛው «ኤል» ነው፤ ቀሪው 1.9 ለ2 ሲካፈል ሙሉ ቁጥሩ 0 ነው። ኬክሮሷን 9.5 ላይ 90 ስንጨምር 99.5 ይሆናል፤ ለ10 ሲካፈል 9 ደርሶ 9.5 ይተርፋል፤ ይህም «ጄ» እና 9ን ይሰጠናል። ስለዚህ የሐርላ አድራሻ «ኤልጄ09» ነው። በዚሁ ዘዴ አዲስ አበባ «ኬጄ99» ትሆናለች። አንባቢው የራሱን ከተማ አድራሻ በደብተሩ ላይ ሊያሰላ ይችላል።

ውሃው ሳይቀድም

እስካሁን የተነገረው ለዕውቀት ፍላጎት ብቻ የሚጠቅም ሊመስል ይችላል። ሐርላ ያለችበት ተዳፋት ግን ሌላም ነገር ያስታውሰናል። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2006) በድሬዳዋ በስተ ደቡብ ባሉት ደጋማ ቦታዎች የጣለው ከባድ ዝናብ በደቻቱ ወንዝ ተሰብስቦ፣ ነዋሪው በእንቅልፍ ላይ ሳለ ከተማዋን መታ። በአብዛኛው የዓመቱ ወቅት ደረቅ አሸዋ የሆነው የወንዙ ሸለቆ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሞልቶ ቤቶችን ጠረገ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ተፈናቀሉ።

በዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት እናድርግ። ጎርፍ በሰከንድ 3 ሜትር ይጓዛል ብንል፣ 20 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 6,667 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ከ51 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። የሬዲዮ ሞገድ ይህንኑ ርቀት የሚያቋርጠው በአንድ ሰከንድ 15 ሺህኛ ክፍል ነው። በውሃውና በመልእክቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰው ልጁን አቅፎ ከወንዙ ዳር ለመራቅ የሚያስፈልገው ጊዜ ነው። ልዩነቱ ጥቅም ላይ የሚውለው ግን ላይኛው ተዳፋት ላይ የሚያይ ዓይን፣ የሚሠራ መሣሪያና መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው፣ ታችም ነቅቶ የሚሰማ ጆሮ ካሉ ብቻ ነው።

ይህ ምኞት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 ባራቲ ፕራሳድ የተባሉት ሕንዳዊት አማተር ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ አንዳማን ደሴቶች ሄደው ነበር። ዓላማቸው ከዚያ ሩቅ ቦታ በአጭር ሞገድ ከዓለም አማተሮች ጋር መገናኘት ብቻ ነበር። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. የሱናሚው ማዕበል ደሴቶቹን ሲመታና የስልክ መስመሮች ሲቋረጡ፣ ለመዝናኛ የተተከለው ጣቢያ የደሴቶቹንና የዋናውን ምድር ግንኙነት ከያዙት ጥቂት መስመሮች አንዱ ሆነ። የጠፉ ሰዎችን የሚፈልጉ ቤተሰቦች መልእክትም በዚያ አለፈ። ጣቢያው የረዳው ከአደጋው በኋላ ስለተላከ አልነበረም፤ ቀድሞውኑ በቦታው ስለነበረና ሠራተኞቹ አሠራሩን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው።

ከዚህ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በጄኔቫ የተካሄደው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ፣ መንግሥታት አማተር ጣቢያዎች ለአደጋ ጊዜ መገናኛ እንዲዘጋጁ ሁኔታዎችን እንዲያመቻቹ የሚያበረታታ አንቀጽ በደንቡ ውስጥ አስገብቷል። እርግጥ ነው፣ አማተር ሬዲዮ የሜትሮሎጂ አገልግሎትንም ሆነ የመንግሥትን የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ አይተካም። የሞባይል ስልክም የተራራውን ገበሬ ከከተማው ጋር አገናኝቷል። ይሁን እንጂ የስልክ ማማ መብራት ይፈልጋል፤ አደጋ ሲደርስም ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚደውል መስመሩ ይጨናነቃል። በራሱ ባትሪ የሚሠራና በመካከሉ ምንም ማማ የማይፈልግ ሁለተኛ መንገድ መኖሩ የጥንቃቄ ሁሉ መሠረት ነው።

ከየት እንጀምር?

በመጀመሪያ ሕጉን ማክበር ይገባል። በአገራችን የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ፣ የአውሮፕላንና የድንገተኛ አገልግሎት ግንኙነትን ሊያውክ ይችላል። በሐርላ ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ከመሬቱ ሥር ያለው የአገር ቅርስ ነው፤ በአንቴና ካስማ የተሰበረ አንድ ዶቃ ለዘለዓለም የጠፋ ገጽ ነው። ስለዚህ ጣቢያ የሚተከለው ከፍርስራሹ ርቆ፣ በአካባቢው ሽማግሌዎችና ባለሥልጣናት ፈቃድ፣ ያለ ቁፋሮና ያለ ቆሻሻ ሊሆን ይገባዋል።

ማዳመጥ ግን ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል። በብዙ ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ አለ። አንባቢው ሦስት ሙከራዎችን እንዲሠራ እንጋብዛለን። አንደኛ፣ ሬዲዮውን በባትሪ ከፍቶ በቤት ውስጥ አንድ ደካማ ጣቢያ ይያዝ፤ ከዚያ በአቅራቢያው ወዳለ ኮረብታ ወጥቶ ያንኑ ጣቢያ በተመሳሳይ ሰዓት ያዳምጥና ልዩነቱን ይመዝግብ። ሁለተኛ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት በየ15 ደቂቃው የትኞቹ ጣቢያዎች እንደጠፉ፣ የትኞቹ እንደመጡና የትኞቹ እንደተርገበገቡ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ 10 ሜትር ሽቦ ከሬዲዮው አንቴና ጋር አያይዞ አንድ ጊዜ በአግድም፣ ሌላ ጊዜ ወደ ታች በሚያዘቀዝቅ ተዳፋት ላይ ይዘርጋና ያወዳድር። በመብረቅ ጊዜ ግን ሽቦው መውረድ፣ ሰውም ከከፍታው መውረድ አለበት። ተራራ ጫፍ ላይ የቆመ ሽቦ ከሬዲዮ ሞገድ ሌላ የሚጠራው ነገር አለና።

እነዚህ ምዝገባዎች ከጥቂት ተማሪዎች ደብተር ተሰብስበው ሲነፃፀሩ የማግኔት ወገብ አየኖስፌርን ጠባይ የሚያሳዩ እውነተኛ መረጃዎች ይሆናሉ። የድሬዳዋና የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች፣ የ5 ኪሎው ክበብ ያካበተውን ልምድ ይዘው በሕጋዊ መንገድ የራሳቸውን ክበብ ቢያቋቁሙ፣ በምሥራቁ ክፍል ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጋራ ሙለታን ጨምሮ የሚወጡት ተራራ አያጡም። መምህራን የሞገድን ትምህርት በሰሌዳ ላይ ከሳሉ በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎቻቸውን ይዘው የሚወጡበት ኮረብታ ያገኛሉ።

የሐርላ ነጋዴዎች ከሩቅ አገር ጋር ለመገናኘታቸው ምስክር ሆኖ የቀረው በአፈር ውስጥ የተገኘው ዶቃና ሳንቲም ነው። አማተሮችም ከተገናኙ በኋላ የጥሪ ምልክታቸው፣ ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈበት የማረጋገጫ ካርድ በፖስታ ይላላካሉ። «ኤልጄ09» የሚል አድራሻ የያዘ ካርድ ከሌላ አህጉር ሲመጣ ለአንድ ተማሪ ኩራት ነው። ከካርዱ የሚበልጠው ግን ተማሪው ያንን ካርድ ለማግኘት ሲል ያካበተው ችሎታ ነው። የክረምቱ ዝናብ በተራራው ላይ ሲጠቁር፣ ታች ላለችው ከተማ የሚያስፈልጋት ይኸው ችሎታ ነውና፤ እሱም አደጋው በደረሰበት ሌሊት የሚማሩት ሳይሆን፣ በሰላሙ ቀን በሽቦ፣ በባትሪና በደብተር የሚገነቡት ነው።